ፈንታሌ ሥር ገናን?

እሷ፦ አድማጮቻችን፣ ባልደረባዬ ለገና ዕረፍት አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ካልሄድን ብሎ ድርቅ ብሏል። ያውም ፈንታሌ ተራራ ላይ!

እሱ፦ ምን ክፋት አለው? 2007 ሜትር ከፍታ፣ አናቱ ላይ ሰፊ የእሳተ ገሞራ ገንዳ...

እሷ፦ ክፋቱማ መሬቱ ነው። 2017 ዓ.ም. ከባተ ወዲህ እኮ ስንቴ ተንቀጠቀጠ! አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነው እንኳ አምፖሉ ሲወዛወዝ አይተናል። እዚያ ያሉት ደግሞ ቤታቸው ተሰነጣጥቆ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ።

እሱ፦ ልክ ነሽ። የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች ስንጥቅ ይዞ እየገፋ እንደነበር የሳተላይት መረጃ አሳይቷል። ስለዚህ ሆቴል ከመያዙ በፊት ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተደውሎ መንገዱ ክፍት መሆኑ ይጠየቃል። ወደ ገንዳው አፍ የሚወጣው ድንጋያማ ስለሆነ ለቤት መኪና አይሆንም፤ ስካውትም ይዞ መሄድ ነው።

እሷ፦ ተራራው ባይፈቀድስ?

እሱ፦ መተሐራ ጋ ከአስፋልቱ ዳር ያለውን ጥቁር፣ ሹል ሹል ድንጋይ አላየሽም? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከፈንታሌ የፈሰሰ ነው። ጫማ ይበላል! አጠገቡ ደግሞ በሰቃ ሐይቅ አለ፤ እየሰፋ አስፋልቱንም ሐዲዱንም ያስጨነቀው። ከዚያ በሜዳው ሳላ፣ የአዋሽ ፏፏቴ...

እሷ፦ ፍልውሃውን ረሳኸው፤ ዘንባባው መሀል ያለውን። እኔ የምሄደው ለእሱ ነው።

እሱ፦ ጎህ ሳይቀድ እንነሳ እንጂ! ፀሐይዋ ከጠነከረች ሳላውም ጥላ ፍለጋ ይገባል።

እሷ፦ ነዳጁን ግን የምትሞላው አንተ ነህ።