ድምፅ ሲዘጋ

(በመቀሌ ከተማ ለገበሬዎች የተሰጠ የጤና ትምህርት ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ድምፅ መዘጋት ነው። «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው? የጉንፋን ነገር ነው፤ ያልፋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ አብዛኛው ያልፋል። የማያልፍ ግን አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ሕይወት ያድናል።

ድምፃችን ከየት ነው የሚወጣው? ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና «እ…» በሉ። ሲንቀጠቀጥ ይሰማችኋል። እዚያ ውስጥ ሁለት ትናንሽ የሥጋ እጥፋቶች አሉ። ትንፋሽ ሲያልፍባቸው እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባሉ። በአንድ ሴኮንድ የወንድ 100 ጊዜ ያህል፣ የሴት 200 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። እጥፋቶቹ ሲያብጡ ወይም ሲቆስሉ በደንብ አይገጥሙም። ያን ጊዜ ድምፅ ይሻክራል፤ ወይም ጭራሽ ይጠፋል።

ምን ያሳብጣቸዋል? አንደኛው ጉንፋን ነው። ሁለተኛው ጩኸት ነው። ከብት ስንጠራ፣ ከማሽላ ላይ ወፍ ስናባርር እንጮኻለን። ልጃገረዶች ከነሐሴ 16 ጀምሮ አሸንዳን ሲጫወቱ ይሰነብቱና ድምፃቸው ይዘጋል። ሌሊቱን በማኅሌት የሚያድሩ ካህናትም እንዲሁ ናቸው። ሦስተኛው ጭስ ነው። መስኮት በሌለው ቤት እሳት ስታነድ የምትውል እናት ጉሮሮዋ ይቆጣል። ትምባሆ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የአገራችን የበጋ አቧራም ይጨመርበታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ድምፃችንን እናሳርፍ። የደከመ በሬ አይጠመድም፤ የደከመ ድምፅም እንዲሁ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ጥቂት ብቻ እንናገር። በሹክሹክታ ማውራትም ድምፅን ያደክማል፤ ቀስ ብሎ መናገር ይሻላል። ንጹሕ ውሃ ቶሎ ቶሎ እንጠጣ። ጉሮሮን እህ እህ እያሉ መጥረግ እጥፋቶቹን ያቆስላል። ከጭስ እንራቅ። ሐኪም ያላዘዘውን መድኃኒት ከሱቅ ገዝተን አንዋጥ።

አንድ ክፉ ልማድም አለ። «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ እንጥል ይቆረጣል። ወገኖቼ፣ ድምፅ የሚፈጠረው ከእንጥል ላይ አይደለም። እጥፋቶቹ ያሉት ከእንጥል በታች፣ ማንቁርት ውስጥ ነው። እንጥል መቁረጥ የተዘጋ ድምፅ አይከፍትም። ደም ያፈሳል፤ ባልጸዳ ምላጭም መንጋጋ ቆልፍና ኤች አይ ቪ ሊያመጣ ይችላል። ሕፃን ልጅ በዚህ ሊሞት ይችላል።

የማያልፈውን በምን እናውቃለን? በቀን ቆጠራ ነው። የተዘጋ ድምፅ ሦስት ሳምንት አልፎት ካልተከፈተ መመርመር አለበት። ሳል ካለ ግን ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ አክታ ይመርመር። የሳምባ ነቀርሳ ማንቁርትንም ይይዛልና። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። በማንቁርት ላይ ካንሰር ሲወጣም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት የድምፅ መሻከር ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ሊድን ይችላል። አንገቱ ያበጠ፣ መዋጥ የቸገረው፣ ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ይበልጥ ይፍጠን።

ቀን የማይቆጠርለትም አለ። ትንፋሽ ካጠረ፣ ደም ከተተፋ፣ ልጅ ባቄላ ወይም አጥንት ትን ብሎት ድምፁ ከተዘጋ፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከኩሬና ከምንጭ በተጠጣ ውሃ የገባ አልቅትም ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ድምፅ ይዘጋል፤ ደም ያስተፋል። ውሃን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ፣ አፍልቶ መጠጣት ከዚህ ያድናል።

መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከዚያ በላይ ሲሆን እዚሁ መቀሌ ወዳለው አይደር ሆስፒታል ይልኳችኋል። ሐኪሙ በትንሽ መስተዋት ወይም በቀጭን መሣሪያ ማንቁርትን ያያል። አትፍሩ፤ ለማየት ብሎ አይቆርጥም።

እንግዲህ ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ይህ ትምህርት ለዚህም ይጠቅማል። ድምፃችሁ የተዘጋበትን ቀን ጻፉ። በወሩ በ12፣ በሚካኤል ቢዘጋ፣ በሚቀጥለው ወር በ3፣ በበዓታ፣ 21 ቀን ይሞላል። ያን ቀን ካልተከፈተ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሳትሉ ተነሡ።



ጥያቄዎች
1. ድምፅ የሚፈጠረው የት ነው?
2. እንጥል መቁረጥ ምን ጉዳት አለው?
3. ድምፃችሁ ዛሬ ቢዘጋ 21 ቀን የሚሞላው መቼ ነው? ቀኑን ጻፉ።