የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብና የመንግሥት ማበረታቻ

(በቦንጋ ከተማ ለሙያ ባልደረቦች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕክምና መዝገብ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ የመጣልኝ አሳብ፣ ይህ የሐኪም እንጂ የመሐንዲስ ጉዳይ አይደለም የሚል ነበር። ዳሩ ግን መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ከተሸጋገረበት ቀን አንሥቶ ነገሩ የኤሌክትሪክ፣ የመስመርና የባትሪ ነገር ስለሆነ እኛንም ይጠይቀናል።

ጤና ተቋማትን ወደዚህ አሠራር ለመሳብ መንግሥታት ልዩ ልዩ ማበረታቻ ሰጥተዋል። በሰፊው የታወቀው የአሜሪካው ነው። በየካቲት ወር 2001 ዓ.ም. የወጣው ሕግ፣ ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያን መድን በኩል ለአንድ ሐኪም በ5 ዓመት እስከ 44,000 ዶላር፣ የድኾች መርጃ በሆነው በሜዲኬይድ በኩል ደግሞ በ6 ዓመት እስከ 63,750 ዶላር ፈቀደ። በሜዲኬር በኩል ገንዘቡ ዕቃ ገዝቶ ደረሰኝ ላቀረበ ሁሉ የሚታደል አልነበረም። ሐኪሙ የተመሰከረለት ፕሮግራም መያዙ ብቻ ሳይበቃ፣ በመጀመሪያው ዓመት ለ90 ተከታታይ ቀናት በእርግጥ እንደ ሠራበት ማሳየት ነበረበት፤ ለምሳሌ ከመድኃኒት ማዘዣዎቹ ከ40 በመቶ የሚበልጡትን በኤሌክትሮኒክ መንገድ መላክ ይጠበቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮም ግዴታውን ያላሟላ ክፍያው ይቀነስበት ነበር። በሜዲኬይድ በኩል ግን የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ የተመሰከረለትን ፕሮግራም ለያዘ፣ ላስገባ ወይም ላሻሻለ ብቁ ሐኪም ይሰጥ ነበር። እኔ ይህን ልዩነት እወደዋለሁ፤ ለደካማው መነሻ፣ ለበረታው ግን የሥራ ዋጋ ነውና።

በአገራችን የጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. «የመረጃ አብዮት» የተባለውን ፍኖተ ካርታ አወጣ፤ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮም ዲ ኤች አይ ኤስ 2 የተባለው የሪፖርት ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ ተዘረጋ። ይህ ሥርዓት በዋነኛነት የሚሰበስበው ድምር ቁጥር እንጂ የአንዲቱን በሽተኛ ታሪክ አይደለም። «ኮኔክትድ ወረዳ» በሚባለው መርሐ ግብር ደግሞ ተቋማት በመሣሪያቸው፣ በመረጃቸው ጥራትና በመረጃ አጠቃቀማቸው እየተመዘኑ ደረጃ ይሰጣቸዋል፤ ከፍተኛው ደረጃ «ሞዴል» ይባላል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የእኔ ቅሬታ የሚጀምረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በካፋ ዞን ወደሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ኮምፒዩተሮቹ ስለ ምን እንደማይሠራባቸው እንድመረምር ተጠርቼ ሄጄ ነበር። በካርድ ክፍሉ ሦስት ኮምፒዩተሮች የጥልፍ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ የዩፒኤሶቹ ባትሪ ሞቶአል፤ ከጎናቸው ያለው የወረቀት መዝገብ ግን ጠርዙ እስኪሸራረፍ ድረስ ይገለጣል። ሠራተኛዋ፣ «ወንድሜ፣ በሽተኛው ፊቴ ቆሞ ሳለ መብራት ይሄዳል። ቀን በወረቀት እጽፋለሁ፤ ማታ መብራት ካለ ወደ ኮምፒዩተሩ እገለብጣለሁ። አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መጻፉ ሲሰለቸኝ ተውኩት» አለችኝ። ተቋሙ በመሣሪያ ረገድ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ ነበር፤ ኮምፒዩተሮቹ ተቆጥረው ተገኝተዋልና።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ስድስት ላፕቶፖች እያንዳንዳቸው 50 ዋት ቢወስዱ፣ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን 2.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ መራገፍ ስለማይገባው፣ 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ፣ ማለትም ባለ 24 ቮልትና 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያስፈልጋል፤ የኢንቨርተሩን ብክነት ገና አልቆጠርኩም። ተራ ዩፒኤስ የሚያቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። በፀሐይ ኃይል እንሙላው ብንል ደግሞ ካፋ ዝናብና ደመና የሚበዛበት የደን አገር ስለሆነ፣ ስሌቱ መሠራት ያለበት በዓመቱ አማካይ ሳይሆን እጅግ ደመናማ በሆነው ወር ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ የሚከተለው ነው። ማበረታቻው በሁለት እርከን ይከፈል። የመጀመሪያው ለኃይል አቅርቦትና ለመስመር ዝርጋታ ይዋል፤ በቅድሚያም ይሰጥ። ሁለተኛው ግን ተቋሙ ለ90 ቀናት ያለ ወረቀት ግልባጭ መሥራቱ ሲረጋገጥ ብቻ ይለቀቅ። የወረቀት መዝገቡ ለአደጋ ጊዜ መጠባበቂያ ይሁን እንጂ ዕለታዊ ግዴታ አይሁን። ገንዘቡ ከወዴት ይመጣል ለሚለኝ፣ የማኅበረሰብ ዐቀፍ የጤና መድን ለተቋማት የሚከፍለው ገንዘብ እንዳለ አስታውሳለሁ፤ የተሟላ የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ የሚያቀርብ ተቋም ሒሳቡ ቶሎ እንዲከፈለው ማድረግ ብቻ እንኳ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ ማበረታቻ ነው።

የስም ነገርም አለ። አንዲት እናት ስሟ በሦስት ዓይነት ፊደል አጣጣል ተጽፎ ሦስት ካርድ ሲወጣላት ቀድሞ የታዘዘላት መድኃኒት አይታወቅም፤ ጉዳቱም በሰውነቷ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የተመሠረተው የፋይዳ መታወቂያ ይህን ሊያቃልል ይችላል፤ ሆኖም ስለ ምሥጢር አጠባበቅ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ያዘዘው ገና በካርድ ክፍሉ በር ላይ ሳለን ሊታሰብበት ይገባል።

የባትሪውን ስሌት በአንድ ገጽ አዘጋጅቼዋለሁ። ጤና ጣቢያ በአቅራቢያው ያለ ባልደረባ ወስዶ የመብራቱን መቋረጥ ለአንድ ወር በሰዓትና በደቂቃ ቢመዘግብልኝ፣ የባትሪውን መጠን በእውነተኛው ልክ እናስተካክለዋለን።