የመንፈስ ጭንቀት መድኃኒቶች አሠራርና የሕመሙ ሥነ ሕይወታዊ መላምቶች



ከሕክምና ሳይንስ የሚጠበቀው በመጀመሪያ የበሽታውን ምክንያት መርምሮ ማወቅ፣ ከዚያም መድኃኒቱን መፈለግ ነው። የመንፈስ ጭንቀት፣ በዛሬው አጠራር የድባቴ፣ መድኃኒቶች ግን የተገኙት በተገላቢጦሽ መንገድ ነው። መድኃኒቱ በአጋጣሚ ቀደመ፤ መላምቱ ከኋላው ተከተለ። ዛሬም ስለነዚህ መድኃኒቶች ለሚነሣው ክርክር አንዱ ምንጭ ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ከተማ በሲ ቪው ሆስፒታል ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን አይፕሮኒያዚድ የተባለ መድኃኒት ሲሰጥ፣ በሕሙማኑ ላይ ያልተጠበቀ ደስታና ንቃት ታየ። በዚያው ዓመት ኤርነስት ዜለርና ባልደረቦቹ መድኃኒቱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኤንዛይም እንደሚያግድ አሳዩ። ይህ ኤንዛይም ከነርቭ ሕዋስ ወደ ነርቭ ሕዋስ መልእክት የሚያደርሱትን ኖርአድሬናሊንንና ሴሮቶኒንን የሚያፈርስ ነው። በ1957 ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሮላንድ ኩን፣ ለስኪዞፍሬኒያ ተሞክሮ ያልበጀው ኢሚፕራሚን በመንፈስ ጭንቀት የተያዙትን እንደሚረዳ ጽፎ አሳተመ። የኢሚፕራሚን አሠራር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጁልየስ አክስልሮድ ምርምር ተገለጠ። የነርቭ ሕዋስ የለቀቀውን መልእክተኛ ንጥረ ነገር መልሶ ይወስዳል፤ ኢሚፕራሚን ይህን መመለሻ በር ስለሚዘጋ ንጥረ ነገሩ በሕዋሳቱ መካከል ባለው ክፍተት ይበረክታል። አክስልሮድም በ1970 ከኖቤል ሽልማት ተካፋዮች አንዱ ሆነ።

በአንጻሩ ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረው ሬሰርፒን የእነዚህን ንጥረ ነገሮች ክምችት የሚያሟጥጥ ሲሆን፣ ከወሰዱት ሕሙማን አንዳንዶቹ በከባድ ትካዜ እንደተያዙ ሐኪሞች ዘገቡ። ሁለቱ ነገሮች ሲገናዘቡ መላምቱ ራሱን ያቀረበ መሰለ። በ1965 ጆሴፍ ሺልድክራውት የኖርአድሬናሊንን ጉድለት፣ በ1967 አሌክ ኮፐን የሴሮቶኒንን ጉድለት የሕመሙ መሠረት አድርገው አቀረቡ። ፍሉኦክሰቲን በ1987 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ደግሞ «የኬሚካል መዛባት» የሚለው አነጋገር ከሳይንስ ጽሑፍ አልፎ በሕዝብ ዘንድ ተሠራጨ።

ይሁን እንጂ መላምቱ ከጅምሩ ያልመለሰው ጥያቄ ነበረው። መድኃኒቱ መመለሻ በሩን የሚዘጋው በሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ሕመምተኛው በግልጽ የሚሻለው ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ጉዳዩ የጎደለውን መሙላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ መዘግየት ባላስፈለገ ነበር። በጤነኛ ሰዎች ላይ የሴሮቶኒን መሥሪያ የሆነው ትሪፕቶፋን እንዲቀንስ ሲደረግም አብዛኞቹ በጭንቀት አይወድቁም። በ2022 የታተመ ሰፊ የጥናቶች ግምገማም ሴሮቶኒን ማነስ የሕመሙ ምክንያት ለመሆኑ ወጥ ማስረጃ እንዳልተገኘ አስታወቀ። ተመራማሪዎች ዛሬ የነርቭ ሕዋሳት አዲስ ግንኙነት የመፍጠር ችሎታን፣ የጭንቀት ሆርሞን የሆነውን ኮርቲሶልንና በግሉታሜት መንገድ የሚሠራውን ኬታሚንን ይመረምራሉ። ሁሉን የሚያስረዳ አንድ መላምት ግን ገና የለም።

እንግዲህ መላምቱ ከተናጋ መድኃኒቱም ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ምርኩዝ አንካሳን ይደግፋል፤ አንካሳነት ግን የምርኩዝ እጦት አይደለም። የምርኩዙ ጥቅም የሚለካው በመራመዱ እንደሆነ ሁሉ፣ የመድኃኒቱም ጥቅም የሚለካው በሕመምተኛው መሻል ነው። በ2018 የታተመ ጥናት 522 ሙከራዎችንና 116,477 ሰዎችን አጠቃሎ 21 መድኃኒቶችን ሲያነጻጽር፣ ሁሉም መድኃኒትነት ከሌለው ኪኒን የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ብልጫው በአማካይ መጠነኛ ነው፤ አብዛኞቹ ሙከራዎችም ወደ ስምንት ሳምንት ያህል ብቻ የቆዩ ናቸው።

ይህ ልዩነት በመድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ትልቅ ትርጉም አለው። በኢትዮጵያ ብዙ ሕሙማን ወደ ሐኪም የሚደርሱት በጠበልና በዘመድ ምክር ከቆዩ በኋላ ነው። ስለ መዘግየቱ ያልተነገረው ሰው አሚትሪፕቲሊኑን በአንደኛው ሳምንት ይጥለዋል፤ አፉን ያደረቀውና ያደነዘዘው እንጂ የረዳው አይመስለውምና። «መላምቱ ውድቅ ሆነ» የሚል ወሬ የሰማ ደግሞ ኪኒኑን በድንገት አቋርጦ በማዞር፣ በእንቅልፍ ማጣትና በብስጭት ይሠቃያል። ስለዚህ ባለሙያው ሊያስረዳ የሚገባው መድኃኒቱ ሳምንታት እንደሚፈልግ፣ ማቆም ሲያስፈልግ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ፣ አሚትሪፕቲሊን ከመጠን በላይ ቢወሰድ ልብን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ፣ ወጣቶችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳያድርባቸው በቅርብ ሊታዩ እንደሚገባ ነው።

ሕመምተኛው «ምን ጎድሎኝ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ያልተረጋገጠውን የንጥረ ነገር ጉድለት እንደ እርግጥ መንገር አይገባም። መድኃኒቱ ብዙዎችን እንደረዳ፣ ሕመሙም የስንፍና ወይም የእምነት ማነስ ምልክት እንዳልሆነ መንገር ግን ይቻላል። ይህ እውነት ነው፤ ለሕክምናውም ይበቃል።