የልብ ሕመምተኛና የፔኒሲሊን መርፌ

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው በየመንደሩ በሹክሹክታ ስለሚወራ ነገር ነው። «እገሌ መርፌ ተወግቶ ወደቀ፤ መርፌው ልቡን መታው» ሲባል እንሰማለን። ይህን የሰማ አባት ልጁን ከቀጠሮው ያስቀራል። ልጁን ያዳነ ይመስለዋል።

ለመሆኑ መርፌው የሚሰጠው ለምንድን ነው? ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ሳይታከም ሲቀር፣ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ ወደ መገጣጠሚያና ወደ ልብ ይዞራል። ልብ ደምን ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፉ በሮች አሉት። የጉሮሮው ሕመም በተመላለሰ ቁጥር እነዚህ በሮች ይጠባሉ ወይም ይላላሉ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለው መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ሲሰጥ ሕመሙ እንዳይመለስ ይከላከላል። የተበላሸውን በር አይጠግንም፤ ሌላ ጉዳት እንዳይጨመር ግን ያደርጋል።

ታዲያ የሚወድቁትስ? ቀድሞ «መድኃኒቱ አልተስማማውም» ይባል ነበር። እርግጥ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አለ። ሰውነቱን ያሳክከዋል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ የደረሰበት ሰው ዳግመኛ እንዳይወጋ መናገር አለበት። በ2014 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ የልብ ማኅበር አንድ ምክር አወጣ። ምክሩ እንደሚለው፣ ልባቸው ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ከመርፌው በኋላ ሲሞቱ፣ ምክንያቱ አለመስማማት ሳይሆን የልቡ መድከም ሊሆን ይችላል። የመርፌው ሕመምና ድንጋጤ የልብን ምት ያዘገያል፣ የደም ግፊትን ይጥላል። ጤነኛ ልብ ይህን ወዲያው ይችለዋል፤ የደከመ ልብ ግን ላይችለው ይችላል።

እኛ ገጠር ያለነው ይህን ልብ ልንለው ይገባል። ጤና ጣቢያ ለመድረስ ሌሊት ተነሥቶ፣ ምንም ሳይቀምስ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግሩ የሚሄደው ስንቱ ነው! ጾመኛም አለ። ባዶ ሆድና ውኃ ጥም ደግሞ ሰውን ቶሎ ይጥላሉ። ስለዚህ ሕመምተኛው ከመወጋቱ በፊት እህል ይቅመስ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ይረፍ። ጾም ላይ ከሆነ ከበላ በኋላ እንዲወጉት ይጠይቅ። ተኝቶ ይወጋ፤ ከተወጋም በኋላ ዘሎ አይነሣ።

ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ የሚያብጥ፣ ወይም ራሱን ስቶ የሚያውቅ ሰው ይህን አስቀድሞ ለጤና ባለሙያው ይንገር። ለእንዲህ ያለው ሰው ሐኪሙ በመርፌው ፈንታ በቀን 2 ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ሊያዝለት ይችላል። ኪኒን ቀላል ይመስላል እንጂ በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ይረሳል። መርፌው ግን አንዴ ከተወጋ ለሳምንታት ይሠራል። ልቡ ብዙ ያልተጎዳ ሰው በመርፌው እንዲቀጥል የሚደረገውም ለዚህ ነው።