ከእግራችን በታች ያለው ርስት
(ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



ርስት ሲባል ሁላችንም የሚታየን መሬቱ ነው፤ ማሳው፣ ድንበሩ፣ የአያቶቻችን አፅም ያረፈበት አፈር። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ከመሬቱ በታች ስላለው ርስት ነው፤ ስለ ጉድጓድ ውሃችን።

መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደመጣ እንወቅ። ሮቢት ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከበላያችን ያለው ጣርማበር ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ እንደ ሮቢ ባሉ ወንዞች እየተንደረደረ ይወርድና ጠጠሩን፣ አሸዋውን፣ ደለሉን ሜዳው ላይ ይዘረግፈዋል። ቆላችን ለዘመናት በተከመረ ደለል የተሞላ ነው። ውሃው በዚያ አሸዋና ጠጠር መሃል ሰርጎ ይቀመጣል። ሽንኩርቱን የምናጠጣበት፣ ቡናችንን የምናፈላበት የጉድጓድ ውሃ ይሄ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ ውሃውን በቀላሉ ያስገባ አሸዋ ቆሻሻውንም በቀላሉ ያስገባል። በረከቱም አደጋውም የሚገቡት በአንድ በር ነው።

ታዲያ ማነው የሚበክለው? እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። እኛ ወጣቶች ጥፋት ሲመጣ ጣታችንን ወደ ውጭ መቀሰር ይቀናናል። በዚህ ጉዳይ ግን ውጭ ውጭውን ብናይ አናገኘውም። የሽንት ቤት ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድ አጠገብ የሚቆፍረው ጎረቤት ነው። ኬሚካል ረጭቶ ሲጨርስ መርጫውን ጉድጓድ አፍ ላይ የሚያጥበው የአጎት ልጅ ነው። የተቃጠለ ዘይት መንገድ ዳር የሚደፋው አብሮ አደግ ነው። ክፉ አስቦ ያደረገው የለም። ግን ውሃው የልባችንን አይጠይቅም። በሽታውን የደበቀ ደግሞ መድኃኒት የለውም።

«ውሃው እኮ ጥርት ያለ ነው» የሚል አይጠፋም። ጥራትና ንጽሕና ለየቅል ናቸው። ከዩሪያ፣ ከእበትና ከሽንት ቤት ወደ ጉድጓድ የሚሰርገው ናይትሬት ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ደሙ ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተውና ገላው ሊጠቁር ይችላል። ማፍላትና ክሎሪን ጀርም ይገድላሉ፤ ናይትሬትን ግን አያወጡም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ይሄኔ ነው።

የጀርሙን ነገር ደግሞ ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ክልላችን አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በርመል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ኮሌራ ገብቶ የሰው ሕይወት ቀጥፏል፤ ለፈውስ የሄደ ሰው ታሞ ተመልሷል።

«ይሄ የድህነት ጣጣ ነው» እንዳትሉ። ካናዳ ውስጥ ዎከርተን የምትባል 5,000 ያህል ሕዝብ ያላት ከተማ አለች። በፈረንጆቹ 2000 ዓ.ም. ግንቦት ወር ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ጎርፉ ከእርሻ ላይ የከብት ፍግ ይዞ ጥልቀት የሌለው አንድ የከተማው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ክሎሪኑን መቆጣጠር የነበረባቸው ሠራተኞች በአግባቡ ሳይለኩ እንደለኩ አድርገው ይመዘግቡ ነበር። 7 ሰው ሞተ፣ ከ2,300 በላይ ታመመ። ገንዘቡም ማሽኑም ያላት አገር ናት። ያጣችው ጠባቂ ነው።

እንግዲህ ጠባቂ እንሁን። ሥራው ይሄ ነው።

አንደኛ፣ ርቀት። ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ የጉድጓዱ ወለልም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ይበል። ተዳፋት ላይ ከሆነ ሽንት ቤቱ ከታች፣ የውሃው ጉድጓድ ከላይ ይሁን። ሜትር ይዛችሁ በየሰፈራችሁ ለኩ።

ሁለተኛ፣ አፉ። የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ይታሰር፣ ክዳን ይኑረው፣ ከብት እንዳይጠጋው ይታጠር። የተተወ ጉድጓድ ክፍት አይደር፤ ቆሻሻን ቀጥታ ወደ ውሃው የሚያወርድ ቧንቧ ማለት ነው። በባለሙያ ምክር ይደፈን።

ሦስተኛ፣ ኬሚካሉ። መርጫ ጉድጓድና ቦይ ዳር አይታጠብ። የኬሚካል ዕቃ ለውሃ መቅጃ አይሁን። የውሃ መሳቢያ ሞተሩ ነዳጅና ዘይት መሬት ላይ አይንጠባጠብ።

አራተኛ፣ ምርመራ። ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትና ለጤና ጣቢያው ጥያቄ አቅርቡ፦ «የሰፈራችን ጉድጓድ መቼ ተመረመረ? ውጤቱስ ስንት ነው?» ውጤቱን ለሕዝብ ለጥፉት።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጉዳቱ በቀጥታ ባይነካው እንኳ፣ በካይ ላይ አቤት እንዲል መብት ይሰጠዋል። የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ስለዚህ ጎረቤትን በምክር፣ እምቢ ያለውን ትልቅ በካይ በሕግ። ዱላ አያስፈልገንም።

አንድ ነገር ልጨምር። የከርሰ ምድር ውሃ የቀበሌ ድንበር አያውቅም። ላይኛው ሰፈር የተደፋውን ታችኛው ሰፈር ይጠጣዋል። አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞው በዚህ ቆላ የሚቀዳው ከአንድ ደለል ነው። ጉድጓድ ጥበቃ ላይ ጎረቤቱን የተወ፣ የራሱንም ውሃ ትቷል።

ወገኖቼ፣ ሕዝቤን እወዳለሁ ማለት ቀላል ነው፤ መፈክር ጉሮሮ ብቻ ነው የሚፈልገው። እናቶቻችን በጄሪካን ተሸክመው የሚያመጡትን ውሃ መጠበቅ ግን ሜትር፣ አካፋና ትዕግሥት ይፈልጋል። ክረምቱ ጎርፉን ይዞ ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ጉድጓድ ያዙ። ስትለኩ ፎቶ አንሱ፣ ላላዩት አካፍሉ፣ ሌላውም ሰፈር ይከተላችሁ።

ውሃችሁ ንጹህ፣ ቤታችሁ ጤና ይሁን።