የስኳር በሽተኛ እግርና ምድጃ

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፤ የአምባ ጊዮርጊስ ብርድ ሰውን ወደ ምድጃ ያስጠጋል፤ እኛም እንሞቃለን። ነገር ግን የስኳር በሽታ ሲቆይ እግርን ያደነዝዛል። እሳቱ ሲለበልበው ባለቤቱ አይሰማውም፤ የሚያውቀው ቆዳው ከተላጠ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ቁስል ቶሎ አይድንም፤ እግር እስከ ማስቆረጥም ያደርሳል።

ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ፣ ብርድ ሲበረታ ካልሲ አጥልቁ፣ ጋቢ ደርቡ እንጂ እግራችሁን ወደ እሳት አትዘርጉ። ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ታጠቡ፤ በጣቶቹ መካከል ደኅና አድርጋችሁ አድርቁ። የውኃውን ሙቀት በክርናችሁ ሞክሩ፤ እግራችሁን አትመኑት። ዓይን ከደከመ የልጅ ልጅ ውስጥ እግራችሁን ይይላችሁ፤ ይህ ነውር አይደለም። ጫማችሁንም ከማጥለቃችሁ በፊት ጠጠሩን አራግፉ።

ቁስል ካገኛችሁ «አያመኝም» ብላችሁ አትቆዩ፤ እኛን የሚያሰጋን ይኸው የማያመው ነውና። ቅቤም ቅጠልም ሳታደርጉበት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።