ከጓሮ ቴሌስኮፕ የሚገኝ የፕላኔት ፎቶግራፍ፦ ሥዕል ነው ወይስ ልኬት?

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ርእስ ከሙያችን የራቀና ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ የሚሆን ሊመስል ይችላል። በጓሮ ከተተከለ አነስተኛ ቴሌስኮፕ የጁፒተርን ወይም የማርስን ፎቶግራፍ ማንሣት በእርግጥም ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ቀረብ ብለን ብንመረምረው አንድ መሐንዲስ በየዕለቱ የሚገጥመውን ጥያቄ እናገኝበታለን። ይኸውም በሁከት የተሞላ መረጃ ከመሣሪያችን ሲደርሰን እውነቱን ከሁከቱ የምንለየው እንዴት ነው? ከለየንስ በኋላ ያገኘነው ነገር በእርግጥ በዚያ የነበረ እንጂ እኛ የጨመርነው አለመሆኑን በምን እናውቃለን? የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

በቅድሚያ የችግሩን መጠን በቁጥር እንመልከት። ጁፒተር ከፕላኔቶች ሁሉ የሚገዝፍ ቢሆንም ለምድር እጅግ በሚቀርብበት ጊዜ እንኳ በሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋት 50 የማዕዘን ሰከንድ ያህል ነው። አንድ ዲግሪ 3,600 የማዕዘን ሰከንድ ነው፤ ጨረቃም 1,800 ያህል ትይዛለች። እንግዲህ የጁፒተር ስፋት የጨረቃን አንድ ሠላሳ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ማርስ በመልካሙ ጊዜ 25 ይደርሳል፤ በሌላው ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት በብርሃን ጠባይ ምክንያት ከ0.6 የማዕዘን ሰከንድ በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ለማሳየት አይችልም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቴሌስኮፕ የጁፒተር ገጽ ከዳር እስከ ዳር ቢለካ ተለይተው የሚታዩት ክፍሎች ሰማንያ ያህል ቢሆኑ ነው።

ይሁንና የመስተዋቱ አቅም ዳርቻ ላይ ከመድረሳችን በፊት የሚያግደን አየሩ ነው። ከተቀጣጠለ የከሰል ምድጃ በላይ አሻግሮ የሚመለከት ሰው ከወዲያ ያለው ነገር ሲንቀጠቀጥ ያያል። ከፕላኔቱ የሚመጣው ብርሃንም ሙቀታቸው በጥቂቱ በሚለያይ የአየር ንብርብሮች ውስጥ ሲያልፍ እንደዚሁ ይዛባል። በተራ ሌሊት ምስሉ ሁለት የማዕዘን ሰከንድ ያህል ይደበዝዛል። ሁከቱም ከላይኛው አየር ብቻ የሚመጣ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ኮንክሪትና አስፋልት፣ ሙቀት የሚወጣበት የጎረቤት ወጥ ቤት፣ ከቤት ወጥቶ ገና ያልቀዘቀዘ መስተዋት ሁሉ የየራሳቸውን ድርሻ ያዋጣሉ። ስለዚህ ቴሌስኮፑን አስቀድሞ ወደ ውጭ አውጥቶ ማቀዝቀዝ፣ ከሲሚንቶ ይልቅ በሣር ላይ መትከል፣ ፕላኔቱም ወደ ሰማይ መካከል እስኪወጣ መታገሥ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ጥቅማቸው ግን ትልቅ የሆነ ጥንቃቄዎች ናቸው።

አየሩ ግን ሁልጊዜ እኩል አይታወክም፤ ለአፍታ ጸጥ የሚልበት ጊዜ አለ። ዴቪድ ፍሪድ የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህ መልካም አጋጣሚ ምን ያህል ጊዜ እንደሚገኝ አስልተዋል። ስሌታቸው የሚመሠረተው በአንድ መጠን ላይ ነው፤ እርሱም አየሩ ብርሃኑን ሳያዛባ ያሳልፋል ተብሎ የሚቆጠርበት ስፋት ነው። ይህ ስፋት በተራ ሌሊት ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። የቴሌስኮፑ መስተዋት የዚህ ስፋት ሰባት እጥፍ ከሆነ ከ1,000 ፈጣን ምስሎች ሦስት ያህሉ ጥሩ ይወጣሉ፤ አሥር እጥፍ ከሆነ ግን ከአንድ ሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ይገኛል። በጓሮ የሚተከል ባለ 20 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ብቻ ስለ ሆነ መልካሙ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ ይደርሰዋል። መሣሪያው ትንሽ መሆኑ በዚህ ረገድ ጥቅም ሆነለት ማለት ነው።

በፊልም ዘመን ይህን አጋጣሚ ለመያዝ አስቸጋሪ ነበር። የፕላኔቱ ምስል ሲጎላ ብርሃኑ ስለሚደክም ፊልሙ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ተከፍቶ መቆየት ነበረበት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መልካሙና መጥፎው ይደባለቃል። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ለኮምፒዩተር የተሠሩ ርካሽ የቪዲዮ ካሜራዎች በቴሌስኮፕ ላይ መገጠም ሲጀምሩ ነው። ኮር ቤረቮትስ የተባሉት የኔዘርላንድስ ሰው ያዘጋጁት «ሬጂስታክስ» የተሰኘው ፕሮግራምም በነጻ ታድሏል። ዛሬ አንድ አማተር በሰከንድ 100 ምስል ቢቀርጽ በሦስት ደቂቃ 18,000 ምስል ይሰበስባል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን በጥራቱ መዝኖ ከመቶው አሥሩን ቢመርጥ 1,800 ይቀራሉ። እነዚህም በትክክል ተገጣጥመው አማካያቸው ሲወሰድ የዘፈቀደው ስሕተት በ1,800 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ42 እጅ ያህል ይቀንሳል።

ሦስት ደቂቃ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጁፒተር በአሥር ሰዓት ገደማ አንድ ጊዜ በራሱ ዙሪያ ስለሚሽከረከር በገጹ መካከል ያለ ምልክት በየደቂቃው ሩብ የማዕዘን ሰከንድ ያህል ይንቀሳቀሳል። ቀረጻው ከጥቂት ደቂቃዎች ካለፈ ለብዛት ስንል የሰበሰብነው ምስል ራሱ ዝርዝሩን ያጠፋዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ልኬት ነው። ከዚህ በኋላ ግን አደገኛው ደረጃ ይመጣል። አማካዩ ምስል ለስላሳና ድብዝዝ ነው፤ ዝርዝሩን ለማጉላት በሒሳብ መሳል ያስፈልገዋል። በልክ ሲሳል የነበረውን ያወጣል፤ ከልክ ሲያልፍ ያልነበረውን ይፈጥራል። ለምሳሌ በማርስ ብሩህ ጠርዝ አጠገብ ቀጭን ቅስት ይታያል፤ በፕላኔቱ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። በብዙ ሥዕሎች ሠልጥነው ዝርዝር የሚሞሉ የዛሬ ፕሮግራሞች ደግሞ ከዚህ የባሰ ፈተና አምጥተዋል። አንድ ፕሮግራም ጁፒተር ምን መምሰል እንዳለበት አስቀድሞ ካወቀ የሚያሳየን የዛሬውን ጁፒተር ሳይሆን የሚጠብቀውን ጁፒተር ነው።

ይህ አዲስ ሕመም አይደለም። ጣሊያናዊው ስኪያፓሬሊ እ.ኤ.አ. በ1877 በማርስ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች ማየታቸውን ገለጹ። አሜሪካዊው ፐርሲቫል ሎዌልም እነዚህ አስተዋይ ፍጡራን የቆፈሯቸው ቦዮች ናቸው እያሉ ለብዙ ዓመታት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ1909 አንቶንያዲ በፈረንሳይ አገር በሜዶን ባለው ባለ 83 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ሲመለከቱ ግን መስመሮቹ ወደ ተበታተኑ ነጠብጣቦች ተለወጡ። ዐይንና አእምሮ የጎደለውን ሞልተው ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሦስት ቀላል መመዘኛዎችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የተሰበሰቡት ምስሎች ለሁለት ተከፍለው እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ዓይነት ሥርዓት ለብቻው ይዘጋጅ፤ በሁለቱም የማይታይ ነገር አይታመን። ሁለተኛ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቀረጽ፤ በጁፒተር ላይ ያለ እውነተኛ ምልክት በዚህ ጊዜ ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ይዞራል፤ በካሜራው ላይ ያረፈ አቧራ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ሦስተኛ፣ ቀኑና ሰዓቱ በትክክል ይመዝገብ፤ ያልተነካውም ቪዲዮ ይቀመጥ።

የእነዚህን ጥንቃቄዎች ዋጋ የሚያሳይ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2009 ሌሊት በአውስትራሊያ በመረምቤትማን የሚኖሩት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለሙያ ሚስተር አንተኒ ዌስሊ፣ በጓሯቸው ባለ 37 ሳንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ ጁፒተርን ሲቀርጹ በደቡብ ዋልታው አቅራቢያ ጥቁር ነጥብ ተመለከቱ። ነጥቡ ከፕላኔቱ ጋር ይዞራል። በቦታውም በመጠኑም ጨረቃ ወይም የጨረቃ ጥላ ሊሆን አልቻለም። ከሁለት ሌሊት በፊት ያነሧቸውን ምስሎች ሲያመሳክሩ በዚያው ሥፍራ ምንም አልነበረም። ወዲያው ለሊቃውንት አስታወቁ፤ በሐዋይ ያለው የናሳ የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፕ አረጋገጠ፤ ሐምሌ 23 ቀንም ሐብል ቴሌስኮፕ ጠባሳውን ፎቶግራፍ አነሣው። አንድ የሰማይ አካል ጁፒተርን መትቶ ነበር። ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጡት መሣሪያዎች በሌላ ሥራ ላይ ሳሉ በሥፍራው የነበረው የአማተሩ ቴሌስኮፕ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሰኔ 3 ቀን 2010፣ ሚስተር ዌስሊ በጁፒተር ላይ ሁለት ሰከንድ ያህል የቆየ ብልጭታ ቀረጹ። በፊሊፒንስ ሴቡ ከተማ የሚኖሩት ሚስተር ክሪስቶፈር ጎም በቪዲዮአቸው ያንኑ አገኙ። ሁለት ሰዎች በሁለት አገር በአንድ ቅጽበት ያዩት ነገር የመሣሪያ ጉድለት ሊሆን አይችልም። በኋላ በተደረገው ጥናት አካሉ ከ8 እስከ 13 ሜትር ያህል እንደነበረ ተገመተ። እዚህ ላይ ለመሐንዲስ የሚጠቅም ትምህርት አለ። የሦስት ደቂቃው አማካይ ብቻ ተይዞ ቪዲዮው ቢጣል ኖሮ ብልጭታው ከተራው ሁከት ጋር አብሮ በጠፋ ነበር። አማካይ ዘወትር ያለውን ያጠራል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነውን ግን ይሰውራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ በዚህ ሥራ ተፈጥሮ ያደላችልን መሆኑን እናያለን። ፕላኔቶች የሚጓዙት ፀሐይ በምትሄድበት መንገድ አቅራቢያ ነው። በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ፕላኔቱ በመንገዱ እጅግ ደቡባዊ ክፍል ላይ ቢሆንም እንኳ ወደ 58 ዲግሪ ከፍታ ይወጣል፤ በለንደን ያለ አማተር ያንኑ ፕላኔት በ15 ዲግሪ ገደማ፣ በወፍራም አየር ውስጥ ነው የሚያየው። ክረምቱ በደመና ሰማዩን ቢዘጋብንም በጋው ረጅም ነው። በእንጦጦ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ከእነዚህ ጎን ለጎን በየትምህርት ቤቱ አንድ አነስተኛ ቴሌስኮፕና ሥርዓት ያለው አንድ መዝገብ ቢኖር፣ ወጣቱ ከፕላኔቱ ይልቅ ሊማርበት የሚችለው ትልቁ ነገር የልኬት ሐቀኝነት ነው።

ለማጠቃለል፣ መልካም የፕላኔት ፎቶግራፍ ማለት ከሁሉ የደመቀው አይደለም፤ ሌላ ሰው በሌላ ሥፍራ ሊያመሳክረው የሚችለው ነው። የድልድይ ጭነት ስንለካም ሆነ የጅረት ፍሰት ስንመዘግብ ሕጉ ይኸው ነው። ውብ ውጤት ከተጠባበቅነው ጋር ስለ ተስማማ ብቻ አይታመን፤ ያልተነካው መዝገብም አይጣል።